የባዩሚ ኮት

በግብጿ የጣንጣ ከተማ የውሃ ቆጣሪ ቢሮ ውስጥ ከባዩሚ ኮት የበለጠ ታታሪ ሠራተኛ የለም። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ወንበሩ ላይ ይሰቀላል፤ ሰው አያማም፣ ባለጉዳይ አያመናጭቅም፣ እስኪመሽ ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱ ባዩሚ ግን ፈርሞ፣ ኮቱን ወንበሩ ጀርባ ላይ ጣል አድርጎ፣ በኋላ በር ሹልክ ይልና ታክሲውን ሲነዳ ይውላል።

ምን ያድርግ? ደሞዙ ለሽንኩርቱ ሲደርስ ለዘይቱ ያጥራል። ትቶት እንዳይወጣ ደግሞ የሚስቱን የኒማትን የኩላሊት እጥበት የሚከፍለው የዚህ ሥራ የሕክምና ዋስትና ነው። በሥራው መኖር አይችልም፤ ያለ ሥራው ኒማት አትኖርም።

ጠረጴዛዋ ከጎኑ የሆነው ማዳም ሶሄር በሥራ ሰዓት ዝኩኒ እየፈለፈለች ለእራት ሩዝ ትሞላበታለች። ባዩሚን የሚፈልግ ሲመጣ ቀና ሳትል፣ «አሁን እዚህ ነበር፤ ለሶላት ወጣ። ኮቱን አታይም እንዴ?» ትላለች። በሷ አፍ ባዩሚ ኢማሙ እንኳ የማይሰግደውን ይሰግዳል።

የክረምቱ ብርድ ከረረ። ባዩሚ ያለው ኮት አንድ ነው፤ እሱም የሠርጉ። ኮቱ ሞቅ ባለው ቢሮ ሲንደላቀቅ ሰውየው መስኮቱ በማይዘጋ ታክሲ ውስጥ በሸሚዝ ይንዘፈዘፋል። ሳል ያዘው።

«ልበሰው እንጂ፣ ትሞታለህ እኮ!» አለችው ሶሄር።

«እሱ ከቀረ እኮ ደሞዙም ይቀራል፣ እመቤቴ።»

በዚያው ሰሞን በግብጾቹ አጠራር ኡስታዝ፣ ማለትም አቶ፣ ሺሃታ የሚባሉ አዲስ ኃላፊ ተሾሙ። ሠራተኛውን ሰብስበው ጠረጴዛ ደበደቡ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንበሩ ላይ ያላገኘሁትን አባርራለሁ! ኮት ደሞዝ አይበላም!»

ባዩሚ ደንግጦ ጥቂት ቀን ወንበሩ ላይ ዋለ። ቤት ዘይት አለቀ። ቢጨንቀው አንድ ጠዋት አላህን ለምኖ፣ ኮቱን ሰቅሎ ወጣ።

ገና ከመንገዱ ጥግ ሳይርቅ አንድ ሰው ዘሎ ገባ። «ወደ ብስኩት ፋብሪካው! ቶሎ በል፣ ካረፈድኩ ደሞዜን ይቆርጡብኛል!»

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ባዩሚ በመስታወቱ ቢያይ፣ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ኡስታዝ ሺሃታ ናቸው። የኒማት የሆስፒታል አልጋ ድቅን አለበት። ኃላፊውም አወቁት።

«አንተ! ባዩሚ! ሥራ ላይ አይደለህም እንዴ?»

ሊመልስ ሲል ሳሉ ቀደመው። ስሎ ስሎ ቀና ሲል ነው ልብ ያለው፤ ኃላፊው በሸሚዝ ብቻ ናቸው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው ይንቀጠቀጣሉ።

«ኮትዎስ፣ ኡስታዝ?»

ሰውየው ወደ ውጭ ዞሩ። «ሥራ ላይ ነው» አሉ።

«የኔም።»



«እንግዲያስ ንዳ» አሉ ኃላፊው። ባዩሚ የኒማት አልጋ እንደተረፈ ገባውና ማርሹን አስገባ። «መስኮቱንም ዝጋው፣ በረደኝ» አሉ ኃላፊው።

«አይዘጋም፣ ኡስታዝ።»