በሁለት ወንዝ መካከል ያለች ግቢ

ቀያሹን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ውሃ ልክ» ነበር የሚሉት። ሰው ቤት ገብቶ የተንጋደደ ፎቶ ግድግዳ ላይ ካየ፣ ሳያቃናው አይቀመጥም።

ወንዞችን የሚያስተዳድሩ የተፋሰስ ባለሥልጣኖች በየአካባቢው ሲቋቋሙ፣ የምሥራቁንና የምዕራቡን ድንበር የመለየቱ ሥራ ለእሱ ደረሰው። ደንቡ አጭር ነው፤ ግቢ ሁሉ የዝናብ ውሃው ወደሚወርድበት ወንዝ ባለሥልጣን ይገባል። መሬቱ ለጥ ብሎ መሣሪያው ሲያመነታ፣ ውሃ ልክ ከመኪናው ጀሪካን አውርዶ ውሃ ያፈሳል፤ ከዚያ ችካሉን ይተክላል። «ውሃ ዘመድ የለውም» ይላል።

አባባሉ እስከ አማቱ ደጃፍ ድረስ ችግር አላመጣበትም።

አማቱ ጉብታው አናት ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከጓሮ ያለው ቦረቦር በየክረምቱ ግቢያቸውን እየገመጠ፣ ሟች ባላቸው በእጃቸው ወደሠሯት ክፍል ተጠግቷል። እዚያች ክፍል ውስጥ የሟቹ ወንበር አለ፤ እንኳን እንግዳ ድመትም አይቀመጥበትም። የምሥራቁ ባለሥልጣን እዚሁ አፍንጫቸው ሥር ነው፤ ቦረቦር የሚገደብበት ድንጋይም ሠራተኛም አለው። የምዕራቡ ግን ማዶ ከተማ የተከራየ ባዶ ክፍል ነው፤ ሠራተኛ ቀርቶ መቀመጫ የለውም። ሚስቱ ጠዋት «እናቴን አደራ» ብላዋለች።

ጀሪካኑን ግቢው መሐል አዘነበለ። ውሃው እንደታዘዘ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ወረደ። ደስ ሊለው ሲል ጎንበስ ብሎ አየ፤ ውሃው የሄደው ትናንት በተቆፈረች ቀጭን ቦይ ነው። የአማቱ ቀሚስ ጫፍም ጭቃ ነክቶታል።

«እማማ፣ ይሄ አፈር ትኩስ ነው።»

«ዶሮ ጭራው ይሆናል።»

«ዶሮ የለዎትም እኮ።»

«የጎረቤት ነቻ።»

ሳቁ መጣበት፤ አንጀቱንም በሉት። ዝም ቢል ማን ያያል? ግን ታች ሰፈር እንዲሁ ቦይ ቆፍረው የጠበቁትን ሁሉ አስደፍኗል። አካፋ አንስቶ ደፈነና እንደገና አፈሰሰ። ውሃው ትንሽ አመንትቶ ወደ ምዕራብ ሄደ።

«ማዶ ሄጄ ለማን አቤት ልበል? ለባዶ ክፍል?» አሉ አማቱ። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።» በሩን ዘጉበት። ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ ሚስቱም እራት እያቀረበች ሳታናግረው ሰነበተች።

ነገሩ ከነከነው። ወደ ምዕራቡ ቢሮ ልዛወር ብሎ አመለከተ።

«ምን ነካህ? እዚያ እኮ መቀመጫ የለም» አለው አለቃው።

«ቆሜ እሠራለሁ።»

ሄደ። ጀሪካኑን አጋድሞ ተቀመጠበት፤ ሠራተኛ ለምኖ አስቀጠረ፤ ድንጋይ አስጫነ፤ ከባሰው ቦረቦር ጀመረ። የአማቱ ተራ መካከል ላይ ነው፤ አላስቀደመውም። «ከክረምቱ በፊት ይደርስዎታል» ብሎ በሚስቱ በኩል ላከባቸው። መልስ አልመጣም።

አንድ ቀን የአውቶቡስ ረዳት ቢሮው ድረስ አንድ ነገር ተሸክሞ መጣ። የሟቹ ወንበር ነው።

«አንዲት እናት ናቸው የላኩት» አለ ረዳቱ። «‹ተራችን እስኪደርስ ቁጭ ብለህ ሥራ በለው› ብለዋል።»

ውሃ ልክ ወንበሩን መሬት አስነካው። አንደኛው እግሩ አጠር ስለሚል ይንጋደዳል። ሳያቃናው ተቀመጠበት።