የግራ እግር ካልሲ

ነርስ ለምን እንደሆንኩ የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚጠብቁት መልስ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነጭ ጋዋን እመኝ እንደነበር እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እውነቱን ለመናገር ደም ሳይ ጉልበቴ የሚከዳኝ ሴት ነበርኩ። ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ የአንድ ሽማግሌ የግራ እግር ካልሲ ነው።

ጀርመን የዓለም ዋንጫን ባስተናገደችበት ዓመት ፍሉግሃፈን፣ አየር ማረፊያው ውስጥ፣ ጽዳት እሠራ ነበር። የምኖረው ቦናመስ በሚባል ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ ሥር፣ ስድስተኛ ላይ፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ ኤርትራዊ አዛውንት ይኖሩ ነበር፤ አባባ እላቸዋለሁ። አስመራ በአማርኛ ተምረው፣ ፍሉግሃፈን ሻንጣ ሲጭኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ስሳሳት ያርሙኛል። ጀርመንኛቸው ግን ከ"ከባድ ነው" እና ከ"ተጠንቀቅ" ብዙ አያልፍም። እኔ ደግሞ የቋንቋ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ራሴን እንደ ትልቅ አስተርጓሚ መቁጠር ጀምሬ ነበር። እናም አንድ ቀን "ልጄ፣ ሐሙስ የሐኪም ቴርሚን አለኝ" ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተከተልኳቸው።

ሐኪም ቤት የሚሄዱት ሰርግ እንደተጠራ ሰው ከረባት አስረው ነው። ስኳር ስላለባቸው ሐኪሙ እንዴት እንደሆኑ ጠየቃቸው። አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት ወይ፣ ቤተሰብስ እንዴት ነው አሉ። ተረጎምኩ። የሚያምዎት ነገር አለ? ምንም የለም፣ ምስጋና ለአላህ። ተረጎምኩ። እግርዎስ? እሱም ደህና ነው። እዚህ ላይ "በጣም ደህና" ብዬ አሳመርኩት።

እኛ ዘንድ ጨዋ ሰው ገና እንደተጠየቀ ሕመሙን አይዘረግፍም። መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ የጠያቂውን ቤተሰብ ደህንነት ይጠይቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወተወት ነው "ትንሽ እንኳ ይህቺ እግሬ..." የሚለው። የጀርመን ሐኪም ግን አንዴ ጠይቆ ይጽፋል። ይህን ሁለቱም አያውቁትም ነበር። የማውቀው እኔ ነበርኩ። አባባ ከኡባን ባቡር ሲወርዱ ክንዴን እንደሚይዙ፣ ግራ እግራቸውን እንደሚጎትቱ አይ ነበር። ሆኖም የተባለውን ብቻ ተረጎምኩ። በሁለተኛው ቀጠሮም እንዲሁ አደረግኩ።

በሦስተኛው ሐኪሙ እስኪመጣ ደም ልትቀዳ የገባችው አንዲት አጠር፣ ወፈር ያለች ነርስ ነበረች። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታለች። እንዴት ነዎት ብላ እንኳ አልጠየቀችም። የግራ ጫማቸው ተረከዝ መረገጡን አይታ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ካልሲውን ማውለቅ እንደምትፈልግ በእጇ አሳየች።

አባባ እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ።

"ልጄ፣ ደህና ነው በያት" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ደህና ነው ልል ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያቺ ሴት ከወለሉ ላይ ቀና ብላ የምታየው እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር። "ደህና አይደለም፤ ካነከሱ አንድ ወር አልፏቸዋል" አልኳት።

ካልሲው ሲወልቅ ክው አልኩ። መርገጫቸው ላይ ያለው ቁስል ትንሿን ጣት ይዞ ወደ ውስጥ ገብቷል። ስኳሩ እግራቸውን ስላደነዘዘው እሳቸው የቁስሉን ክፋት አያውቁትም። ነርሷ ሌላ አንድ ሳምንት ቢዘገይ እግሩ ሁሉ ይሄድ እንደነበር ነገረችኝ። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል አስተኟቸው። ትንሿ ጣት ተቆረጠች፤ እግራቸው ተረፈ።

በሰው ፊት አዋርደሽኛል ብለው ሁለት ቀን አኮረፉኝ። እኔም በራሴ በጣም አፍሬ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ እግራቸውን በጥሩ ጀርመንኛ ላስቆርጥ ምን ቀረኝ? በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ስገባ ግን አልጋቸው ላይ ቀና ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ከእንግዲህ የምለውን ሳይሆን የምታዪውን ንገሪያቸው" አሉኝ።

በቀጣዩ ዓመት ለነርስነት አውስቢልዱንግ፣ ለሦስት ዓመቱ የሙያ ሥልጠና፣ አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቁ ሰውን ስለመርዳት የሚያምር ነገር ሸምድጄ ነበር፤ ከድንጋጤ ሁሉም ጠፋኝና የካልሲውን ታሪክ ነገርኳቸው። ተቀበሉኝ። ሦስቱ ዓመት ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ቀን ደም ሳይ ወንበር ያቀረቡት ለበሽተኛው ሳይሆን ለእኔ ነው። አባባ ግን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ጠብቀው ዛሬስ ወደቅሽ ወይ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከዚያ በኋላም የቁስል እንክብካቤ ተጨማሪ ትምህርት ወስጄ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ የስኳር በሽተኞችን እግር ማከም ጀመርኩ። በመጀመሪያው ጠዋት የተሰጠኝን የታካሚ ዝርዝር ስከፍት አናቱ ላይ የራሴ ሕንፃ አድራሻ ተጽፏል፤ ስድስተኛ ፎቅ።

ቦርሳዬን ይዤ አንድ ፎቅ ብቻ ወርጄ ደወልኩ። አባባ ከረባታቸውን አስረው በሩን ከፈቱ። እንዴት አደሩ አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አሉ፤ ግራ እግራቸው ባዶ ነበር፣ ካልሲውንም በእጃቸው ይዘውታል።