«ገባ?»

በኮሮና ጊዜ በየበሩ አልኮል እጃችን ላይ ሲያርከፈክፉብን ሌላው ሰው በሽታውን ይፈራ ነበር። እኔን ሽታው ያናድደኝ ነበር። ዛሬም ያናድደኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

አምቦ የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ፣ የመጨረሻ ዓመት። የመመረቂያ ጥናቴ ከሰማይ ስለሚወርደው ጨረር ነበር። ከፀሐይና ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣ ነው፤ ከፍ ባልክ ቁጥር ይበዛል፤ አውሮፕላን ላይ የሚውሉ አብራሪዎችና አስተናጋጆች ከእኛ የበለጠ ያገኛቸዋል። እንግዲህ እኔ የደብረ ብርሃኗ ልጅ፣ አውሮፕላን በእግሬ ረግጬ የማላውቅ፣ ለአብራሪ ስጨነቅ እውል ነበር።

መሣሪያዬ ካርቶን የምታክል የመስታወት ሣጥን ነበረች። ውስጧን በአልኮል አረጥባለሁ፤ ከሥሯ ከእሳት ማጥፊያ የሚወጣውን በረዶ አነጥፋለሁ። መጋረጃ ዘግተህ ባትሪ ስታበራባት፣ ጨረሩ ባለፈበት ቀጭን የጉም ክር ታይታ ትጠፋለች። ሥራዬ ክሮቹን መቁጠር ነው። ባኮ ቆላው ላይ ቆጠርኩ። ከዚያ ጌዶ ደጋው ላይ ለመቁጠር ሣጥኔን ታቅፌ በአውቶቡስ ሄድኩ።

ጌዶ ገበያው ዳር ሰዎች ከበቡኝ። «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ጨረር መቁጠሪያ» አልኩ፤ ኩራቴ አይጣል ነው። ከከበቡኝ መሃል ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ሰዉ በኦሮምኛ አክብሮ አዴ ይላቸዋል፣ እኔም አዴ አልኳቸው። «የት ነው ያለው ጨረሩ?» አሉኝ። መሣሪያው የሚቀመጥበትን የጠየቁኝ መስሎኝ «አምቦ፣ ዩኒቨርሲቲ» አልኩ።

በሳምንቱ የግቢው ጥበቃ እንግዳ አለሽ ብሎ አስጠራኝ። አዴ ናቸው። ላብራቶሪ ወስጄ አስቀመጥኳቸው። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸው ላይ ያበጠውን አሳዩኝ፤ ከደረታቸው ሥር ደግሞ የታጠፈ ካርድ አወጡ። አዲስ አበባ ሐኪም ለካንሰሩ ጨረር አዞላቸው፣ ተራዎ ሲደርስ እንደውላለን ተብለው ወራት ጠብቀዋል። የእሳቸው አማርኛና የእኔ ኦሮምኛ እኩል ስብርብር ያለ ነበር። ጨረር የምትለዋን ቃል ግን አጥርተው ነበር የሚናገሯት።

«አዴ፣ የእኔው ሌላ ነው፤ አያድንም» አልኳቸው።

«ከሰማይ አይደለም እንዴ?»

«ከሰማይ ነው።»

«ሰው ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል፣ ያልፋል።»

ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ይፈልጋሉ! አማካሪዬ በበሩ ሲያልፍ አየን። ነገሩን ስነግረው ሳቀና «አሳዪያቸውና ይሂዱ፣ ምን ችግር አለው» አለኝ። ያ ሳቁ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን መጋረጃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አዴ አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ነጭ ክር ብልጭ ብላ ጠፋች።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ» አልኩ።

አልዋሸሁም እኮ! የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ፈታኞቼም ፊት ብጠየቅ ያንኑ ነበር የምመልሰው። አዴ ግንባሬን ስመው፣ «ገለቶሚ፣ ኢንታላ ኮ»፣ አመሰግናለሁ ልጄ ብለው ሄዱ። እኔም ወደ ቁጥሬ ተመለስኩ።

ጥናቴን አቅርቤ ተጨበጨበልኝ። አማካሪዬ ፈታኞቹ ፊት አዴን እንደ ቀልድ አወራቸው፤ ሳቁ። አብሬያቸው ፈገግ አልኩ፣ ፊቴን ያጥቁረውና። ማታውን ሳስበው አላስቀመጠኝም፤ በማግሥቱ ጌዶ ሄድኩ።

አዴ ሽንኩርታቸው አጠገብ ነበሩ። ሲያዩኝ ብድግ ብለው አቀፉኝ። ፊታቸው ከስቷል፣ እብጠቱ ጨምሯል። አጠገባቸው ልጃቸው ነበረች፤ አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው።

«ከአዲስ አበባ ደውለውላት ነበር» አለችኝ ልጅቷ። «እኔ ጨረሩን አምቦ ወስጃለሁ፣ ተራዬን ለባሰበት ሰው ስጡልኝ አለቻቸው።»

ልጅቷን ወደ ጎን ወስጄ እውነቱን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ስልኳን አውጥታ ሆስፒታሉ ደወለች፣ መሬት መሬት እያየች «እሺ፣ እሺ» አለች፣ ዘጋች። አዴ እንደ አዲስ ተመዝግበው ከወረፋው መጨረሻ ነው የሚሰለፉት። አገር ሙሉ ሰው የሚሰለፍለት ወረፋ ነው። አዴ ተራቸው እስኪደርስ አልቆዩም፤ እሱን ኋላ ነው የሰማሁት።

ያን ቀን ግን ቆመው እያዩን ነበር። «ምን አለች?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። ልጅቷ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እኔም በሚገባኝ ቀላል ኦሮምኛ፣ «ጨረሩ አንዴ ብቻ አይበቃም፣ አዲስ አበባም መደገም አለበት ትላለች» አለቻቸው።

አዴ አሰቡበት። ከዚያ እጄን ይዘው፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቁ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው ጠየቁኝ።

«የአንቺው ቢደገም አይሻልም? የአንቺው አያምም።»