ቱርቦውን የሚበላው ሰው

ዘመኑ 2014 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሲግናል ሰፈር ልጆች እየሰበሰብኩ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ወገብ ላይ ወዳለ የግል ትምህርት ቤት የማወጣ ሹፌር ነበርኩ። በዚያው ዓመት የተረከብኩት አውቶብስ አሮጌ ናፍጣ ነው። አገር ሲገባ የእኔም ጥርስ ሙሉ ነበር።

በዚያ ዓመት ቱርቦው እየደጋገመ ተበላሸብኝ። ቱርቦ ማለት ሞተሩ ጎን የተቀመጠ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው። ጭሱ እያሽከረከረው ለሞተሩ አየር ይግታል። እሱ ከሞተ ዳገት የለም። አንድ ቀን ጥቁር ጭስ እየተፋን በአንደኛ ማርሽ ስንፏቀቅ ከኋላ አንዷ ተማሪ፣ «አባባ፣ ወርደን በእግራችን ሄደን እዚያ እንጠብቅዎት?» አለች። አውቶብሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ማን መሳቂያ እንዳደረገኝ አውቅ ነበር።

መካኒኩ ነው። ትምህርት ቤቱ ጓሮ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው። ትሕትናው ከመጠን አለፈብኝ። ኮፈን ሊከፍት ሲል ሁልጊዜ፣ «ፋዘር፣ እስከዚያ ሻይ ይጠጡ» ይለኛል። ለምን? እኔ ሻይ ስጠጣ እሱ ምን ሊያደርግ ነው? የተበላሸውን ደግሞ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ሥር ይደብቃል። ደህናውን እየሸጠ አሮጌ ይገጥምልኛል ብዬ ደመደምኩ።

ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀየር፣ ቢለውጠው እንድለይ ምልክት አደረግኩበት። ሰው ሳያየኝ የአየር ቱቦውን ፈትቼ፣ ውስጥ የሚሽከረከሩትን ክንፎች የያዘችውን ዳዶ በሴት ልጄ የጥፍር ቀለም ቀባኋት። ቀይ ነው። ልጄ ቀለሙን ስጠይቃት፣ «አባዬ፣ ለማን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። «ለሌባ» አልኳት።

ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ። ይኼኔ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ።

«ደህና ዕቃ እንዲህ አይሞትም። መካኒኩ ይሰርቃል» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? ሦስተኛው ነው እኮ። ወይ እሱ ነው፣ ወይ ነጂው ነው። አንዳችሁ መሄዳችሁ ነው።»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ አዲሱን ይግጠም። ነገ አሰናብተዋለሁ።»

ሲገጥም ለማየት ጓሮ ወረድኩ። ሰውየው የተወሰነበትን አያውቅም።

«ፋዘር፣ ሻይ…»

«ጠጥቼ መጥቻለሁ» ብዬ አጠገቡ ተገተርኩ።

ቱርቦውን አወረደው። የአየር ቱቦውን ሲያላቅቅ ሳቅ አለና፣ «ይቺን ደግሞ ማነው የኳላት?» አለ። ቀዩ ቀለም እንዳለ ነው። ቀይሮ መልሶ ቀብቶት ይሆናል ብዬ አጎንብሼ አየሁ። ስቀባ አምልጣኝ አንዱ ክንፍ ላይ የወረደችው ጠብታ እንኳ እንደነበረች ናት። ያቺን አስመስሎ የሚቀባ የለም።

ከጠረጴዛው ሥር ጋዜጣዎቹን አውጥቶ የፊተኞቹን ሁለቱን ፈታ። ከአሁኑ ጋር ደረደራቸው። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ጠቁረዋል።

«በዘይት እጦት የተቃጠሉ ናቸው። ዘይቱ ደግሞ ደህና ነው። እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ነው ያስቀመጥኳቸው» አለኝ። አዲሱን ከገጠመ በኋላ፣ «እስቲ ያስነሱና እንደ ልማድዎ ያጥፉልኝ» አለኝ።

አስነሳሁ። ትንሽ አቆየሁና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬ፣ አስጮኼ፣ ቁልፉን ዘጋሁት። ጭነት መኪና ላይ ሳለሁ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው፤ ጠዋት በቀላሉ ይነሳል ይባል ነበር። ያ መኪና ቱርቦ አልነበረውም።

መካኒኩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ይስሙ።»

ሞተሩ ጸጥ ብሏል። ከውስጥ ግን አንድ ነገር በቀጭኑ ያፏጫል፤ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማነው የሚያፏጨው?»

«ቱርቦው ነው ፋዘር። ሞተሩ ሲቆም ዘይት የሚልክለት የለም። እርስዎ አስሮጠውት ነው የሚያጠፉት፣ እሱ በደረቁ ይሮጣል። ከዳገት ሲደርሱ ነዳጅ ሳይረግጡ ሞተሩን ትንሽ ያቆዩት፣ ከዚያ ያጥፉት። ሌላ ምንም የለውም።»

ያንን ፉጨት ዓመቱን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። አውቶብሱ ከድካሙ ሲያርፍ የሚተነፍሰው ይመስለኝ ነበር፤ እወደውም ነበር። የዚያን ቀን ግን ለማመን አልፈለግኩም። ራሱን ሊያድን የፈጠረው ይሆናል አልኩ። ቤቴ ገብቼ ራቴን ስበላም፣ ሻይ የሚልከኝ ለምንድነው እያልኩ ነበር። ይሄው እስካሁን ትክክለኛ ምክንያቱን አላውቅም። ጠብታዋን ግን መካድ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ይዤ፣ አውቶብሱን ሳላስነሳ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ። የመካኒኩ የስንብት ደብዳቤ ተጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ አለ፤ ፊርማዋ ብቻ ነው የቀረው።

«አይፈርሙ» አልኳት። «ቱርቦውን የበላሁት እኔ ነኝ።»

«ሰረቁት?»

«አልሰረቅኩም። አጠፋፌ ነው ያቃጠለው። ሦስቱንም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከመነጽሯ በላይ አየችኝና እጇን ለቁልፉ ዘረጋች።

«ቁልፉን ስመለስ አስረክባለሁ» አልኳት። «ልጆቹ ሲግናል ቆመዋል።» ወጣሁ።