ቅቤ የነካው ኦፓል

ስመኝ መካነ ሰላም ገበያ ላይ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ትሸጣለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ ብዙ አልራቀም፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የሚያያት ሁሉ ስድሳውን የዘለለች ይመስለዋል። ልጇ ሃሩን በባሕር ወደ ዐረብ አገር ልሻገር ብሎ ወጥቶ የመን በረሃ ላይ ቀረ። ወሬው የመጣው በስልክ ነው። ሬሳ አልመጣ፣ መቃብር የለ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ አደረገ፣ ሰደቃው ተበላ፣ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ተባለና ሰው ሁሉ ወደየሥራው ተመለሰ። ስመኝ ግን መመለሻው መንገድ ጠፋት።

አላለቀሰችም። ለቅሶ የደረሱት ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ እሷ ድግስ እንዳለባት ሰው ለመጣው ሁሉ መቀመጫ ስታቀርብ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ድካም ያዛት። የሥራ ድካም ተኝተው ሲነሱ ይለቃል፤ የሷ ግን ጠዋት አብሯት የሚነሳ ነው። ገበያ ላይ «አብሹ እንዴት ነው?» ሲሏት ትሰማለች፤ መልሱ አፏ ላይ እስኪደርስ ጠያቂው ከአጠገቧ ካለችው ሴት ገዝቶ ይሄዳል።

ባሏ አያ መሐሙድም የልጁን ስም ካነሱ ቆይተዋል። ከፍ ያለ መስጊድ ወዳድ፣ ሲበዛ ቀልደኛ ሰው ነበሩ፤ ቀልዱ እንኳ አሁን በልማድ ብቻ ነው እንጂ ከሆዳቸው አይወጣም። ስሙን የተዳፈነ እሳት ይመስል ሁለቱም እየዞሩ ያልፉታል።

ታላቋ ልጃቸው ሸጋዬ ኩዌት በሰው ቤት ትሠራለች። ሥራ ሲቀልላት በኢሞ ትደውላለች። አንድ ቀን እናቷን በስልኩ መስኮት ትክ ብላ አየችና፣

«እማ፣ ከሳሽ። እንቅልፍ የለሽም አይደል?» አለች።

«አለኝ። እሱ ነው እኔን ያጣኝ።»

«ስሚኝ እስቲ። እዚህ ማዳም ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያስተኛት ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ?»

«ወላሂ! ሐምራዊ አላት፣ ነጭ አላት፣ እንደ ጽጌረዳ ያለ አላት። በእጇ ይዛ ቁጭ ትላለች። ሐዘን ይስባል ትላለች። እኔ ነኝ አቧራቸውን የምጠርገው።»

«ታዲያ ላንቺስ ይስብልሻል?»

«ለኔማ የሚስበኝ ወገቤን ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ስመኝ ሳቋን ራሷ ሰምታ ደነገጠች። ሸጋዬም ይህን አይታ ነው መሰል ቀጠለች፦

«ሃሩን ከደላንታ ያመጣቸው ኦፓሎች የሉም? ማዳም እንደምታደርገው አድርጊ። በዓይንሽ አትምረጪ፤ ጨፍነሽ እጅሽን ስደጂ፣ ያረፈበትን ያዢ። ከሰዓት ጸጥ ሲል ደረትሽ ላይ አድርጊውና ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። በየሳምንቱ ደግሞ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፤ የሳበውን ሐዘን እንዲለቅ።»

ሃሩን ባሕር ማዶ ከማሰቡ በፊት ከጓደኛው ከፈንታሁን ጋር ደላንታ ሄዶ ኦፓል የሚሉትን የከበረ ድንጋይ ሲቆፍር ከርሞ ነበር። የመጣው አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዞ ነው፤ ነጋዴ ያልወሰዳቸው ድንጋዮች ያሉበት። «እማ፣ አስቀምጪልኝ» ብሎ ሰጣት። ወሬው ከመጣ ወዲህ ክዳኑን የነካው የለም።

በማግስቱ ከሰዓት ስመኝ ቆርቆሮውን አውርዳ አብሽ በምታበጥርበት ሰፌድ ላይ ገለበጠችው። ዓይኗን ጨፈነች። ዕድሜዋን ሙሉ ከአብሽ መሐል ጠጠር እየለቀመች ስትጥል የኖረች ጣት፣ ጠጠር ልትመርጥ ስትዘረጋ ግራ ገባት። አንዱን ነካች፣ ሸካራ ነው፣ ለቀቀችው። ሌላውም እንደዚያው። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ለስላሳ ነገር መዳፏ ውስጥ ሲገባ ግን ጣቷ ሳታዛት ተጨበጠች። ዓይኗን ገልጣ ወደ በሩ ብርሃን ስታዞረው፣ ወተት መሳዩ ድንጋይ ከውስጡ አረንጓዴና ቀይ እሳት አበራ። ከቀሩት አንዱም እንደዚህ ያለ አልነበረም።

እንደተባለችው አደረገች። መደቡ ላይ ጋደም ብላ ደረቷ ላይ አኖረችው። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይሞቃል፤ የሞቀው ከሷ ሙቀት መሆኑን ታውቃለች፣ ቢሆንም የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። የመጀመሪያ ቀኖቹ ምንም አላመጡም። ኋላ ግን ሲሞቅ እየጠበቀች ሳለ ሸለብ ያደርጋት ጀመር። ረጅም እንቅልፍ አይደለም፤ ግን ተኝታ መነሳቷን የምታውቀው እንቅልፍ ነው።

አያ መሐሙድ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት ሲመለሱ እንዲህ ሆና አገኟት።

«አንቺ ስመኝ፣ እንቁላል ነው እንዴ? መቼ ነው የሚፈለፈለው?»

«አይጩኹ፣ ይደነግጣል።»

«ኧረ በአላህ! ሰው ቢሰማ ሽርክ ነው፣ ከአላህ ሌላ አመለከች ይላል።»

«እኔ ድንጋዩን ምን ለመንኩት? ይዤው ነው የተኛሁት። አንቱስ በትርዎን ይዘው አይደል የሚሄዱት? ለበትርዎ ይሰግዳሉ?»

«ሁሉ ነገርሽ ሲደክም ምላስሽ ብቻ በረታ» አሉና ወጡ። ከበሩ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው ድንጋዩን አዩት።

ሳምንቱ ሲሞላ ስመኝ በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ቀድታ ድንጋዩን ከተተችው። ብዙ ሐዘን ስቦ ከሆነ ብዙ ይቆይ ብላ አሳደረችው። ጠዋት ብታይ ብርጭቆው ባዶ መሰላት። እጇን ሰድዳ ስትዳብስ ድንጋዩ አለ፤ መልኩ ነው የሌለው። ወተቱ ጠፍቷል፣ እሳቱ ጠፍቷል፤ እንደ በረዶ ፍሬ አሳልፎ የራሷን ጣት ያሳያል።

«ገደልኩት» አለች ብቻዋን።

ገበያ ሳትወጣ ቀረች። ከልጇ የቀራት ብርሃን ያለው ነገር እሱ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጇ አጠፋችው። ደጃፏ አለመከፈቱን ያዩት ጎረቤቷ እማማ ወለተ ማርያም ምርኩዛቸውን እያንኳኩ መጡ። የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ካረፉ ዘመናት አልፈዋል።

«ምን ሆነሽ ነው በሩን የዘጋሽው?»

አሳየቻቸው፣ ነገረቻቸው። እማማ ድንጋዩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ደርቆ ነው። የደረቀ ነገር ወዙ ሲሄድ መልኩ ይሄዳል። የመሪጌታን መቋሚያ ስንት ዘመን በቅቤ አሽቼ ነው ያኖርኩት፤ እሳቸው አለፉ፣ መቋሚያው አንድ ስንጥቅ የለው! ቅቤ አምጪ።»

«ውሃ ውስጥ አድሮ እንዴት ይደርቃል፣ እማማ?»

«ሰውስ ሰው መሐል እየዋለ ይደርቅ የለም ወይ?»

ስመኝ ቅቤውን አመጣች። እማማ በጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው የድንጋዩን ጠርዝ አሹት። ስመኝ አተኩራ ታይ ነበርና ቅቤው ሲሰርግ አየችው። ድንጋዩ ጠጣው፣ ጠርዙም ቢጫ ሆነ። ከእማማ እጅ መንጭቃ ወስዳ በነጠላዋ ጠረገችው። ቢጫው ግን ከውጭ አልነበረም።

«ልጄ፣ ለደግ ብዬ እኮ ነው» አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«አውቃለሁ፣ እማማ። አውቃለሁ።»

ስለ ድንጋዩ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ደግሞ ማየት አትፈልግም። ፈንታሁን አሁን ከተማው ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ከሃሩን ጋር ሊሄድ ተነስቶ፣ እናቱ ስትታመም ቀረ። ስመኝ አልተቀየመችውም፤ ግን ቁመቱም አካሄዱም ልጇን ስለሚመስልባት፣ ባጃጁን ስታይ መንገድ ታቋርጣለች። በዚያ ቀን ግን ድንጋዩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መናኸሪያው ድረስ ሄደች።

ፈንታሁን ሲያያት ከባጃጁ ወርዶ ጎንበስ አለ። ቋጠሮውን ስትፈታለት ድንጋዩን ወስዶ እያገላበጠ ቆየ።

«ውሃ ውስጥ ከተቱት?»

«አሳደርኩት። ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም፣ እትዬ ስመኝ። የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ እሳቱ ይሰወራል፤ ሲደርቅ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ይሄ ቢጫው ምንድን ነው?»

«ቅቤ።»

ሳቁን ሊውጥ ታገለ። «ቅቤውስ አይለቅም። ሌላው ግን ይመለሳል። በጥጥ ጠቅልለው ጥላ ያኑሩት። ፀሐይ አያሳዩት፣ ከምድጃ ያርቁት፤ በድንገት ከደረቀ ይሰነጠቃል። እስኪመለስ ደግሞ አይነካኩት።»

«መቼ ይመለሳል?»

«እሱ ያውቃል።» ከዚያ የድንጋዩን ቅርጽ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ይቺማ የሃሩን የመጀመሪያዋ ናት። አወቅኋት። ነጋዴ ሲለምነው ‹የእናቴ ናት› ብሎ እምቢ ያለባት። ያገኛት ቀን እኮ እንዲሁ አድርጎ ነበር፤ ጭቃውን በውሃ ሲያጥብ ሲያጥብ እሳቷ ጠፋችበት። የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኛ ስንስቅበት።»

«ሃሩን? አለቀሰ?»

«በድንጋይ! ንፍጡ እስኪወርድ። ‹ገደልኳት› እያለ።»

ስመኝ ሳቀች። ሳቁ ከመሐል ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ። ፈንታሁን ደግፎ ባጃጁ ውስጥ አስቀመጣት፤ የመናኸሪያው ሰው እንዳያያት መጋረጃውን ዘረጋ። ሞተሩን አስነስቶ ሰው ወደማይበዛበት መንገድ እያዘገመ ዞረ፤ ደግሞም ዞረ። ወደ ኋላ አንዴም አልተመለከተም። እሷ በነጠላዋ አፏን አፍና አለቀሰች፤ ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ የነበረ ለቅሶ ነው፣ ቶሎ አያልቅም።

ማታ ራት ላይ ለአያ መሐሙድ ነገረቻቸው፤ ጭቃውን፣ ውሃውን፣ ልጁ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ማልቀሱን። ጉርሻቸውን እንደያዙ ሰሟት። ጉርሻውን ሳይጎርሱ መልሰው እጃቸውን ታጠቡና ተነሡ።

ድንጋዩ በጥጥ ተጠቅልሎ መስኮቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ። ስመኝ ወደ ገበያዋ ተመለሰች። ከሰዓት ደረቷ ላይ የሚቀመጥ ነገር የለም፣ እንቅልፉም አብሮ ሄደ። ልፍታው ልፍታው ይላታል፤ እጇን ትሰበስባለች። ተከፍቶ ያው ባዶ ቢሆንስ? ከማወቅ መጠበቅ ይሻላት ነበር፤ መጠበቅ ደግሞ የለመደችው ነው።

አንድ የገበያ ቀን ዝናብ ሲያስገመግም ዕቃዋን ቀድማ ሰበሰበችና ወደ ቤት ገባች። አያ መሐሙድ መደቡ ላይ በጨለማው ጥግ ተቀምጠዋል። ጥጡ ጉልበታቸው ላይ ተፈትቷል፤ አንድ እጃቸው ተጨብጧል። ሲያዩዋት እንደተያዘ ልጅ ደንግጠው፣

«ፀሐይ አላሳየሁትም» አሉ።

ስመኝ የአብሽ ከረጢቷን ከጀርባዋ አወረደች። አጠገባቸው ተቀመጠች። ድካሟ እንዳለ ነበር።

«ተመለሰ?» አለች፣ እጃቸውን ሳታይ።

አያ መሐሙድ መዳፋቸውን ገለጥ አደረጉላት። ወተቱ ተመልሷል። ከውስጡም አረንጓዴው፣ ቀዩም። ጠርዙ ላይ ብቻ ቅቤ የነካው ቦታ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።

«ሃሩን» አሉ አያ መሐሙድ። ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ ሻካራ ነበር፤ እንደገና ሞከሩ። «ሃሩን በዚህች ነው እንዲያ ያለቀሰው?»

«በዚህች።»

«ልቡ ሴት ነበር፣ ያ ልጅ።»

«የርስዎን ይዞ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ስመኝ እጇን ዘረጋችላቸው። አያ መሐሙድ ግን መዳፋቸውን መልሰው ጨበጡ።

«ትንሽ ቆዪ» አሉ። «ገና እየሞቀ ነው።»