ደብረ ኤልያስ ሲባል የሚዘጋው አፕ

የአምበር ጤፍ ያልፍ ነበር። የዲማም ያልፍ ነበር። የደብረ ኤልያስ ጤፍ ላይ ሲደርስ ግን አፑ ተቆጥቶ በሩን ዘግቶ እንደሚወጣ እንግዳ ድርግም ይላል። እኛ ደብረ ማርቆስ እህል ተራ መሐል ስልክ ይዘን እንተያያለን።

አፑን የሠራችው የእህቴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ደህና የኮምፒውተር ሥራ ነበራት፤ ሥራዋ ለእናቷ ኩራት፣ ለእኔ ደግሞ የወሬ ማሟያ ነበር። አንድ ቀን ተነሥታ ሥራውን ተወችውና ለእህል ነጋዴ የሚሆን አፕ እሠራለሁ አለች። ነገሩ ቀላል ነው። ከጆንያው አንድ እፍኝ ታወጣለህ፣ ፎቶ ታነሣለህ፣ የመጣበትን ቦታ ትጽፋለህ፣ ትልካለህ። አዲስ አበባ እንጀራ የሚያከፋፍል ሰው በስልኩ ያይና «ይኼን ጫንልኝ» ይላል። መሐል ላይ ደላላ የለም። እኔ በወጣትነቴ ደላላ ስለነበርሁ ሐሳቡ ጥሩ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

ችግሩ፣ ያ እንጀራ አከፋፋይ አጥብቆ የሚፈልገው የደብረ ኤልያስን ነጭ ጤፍ ነው። «የአምበሩ ጥሩ ነው፤ ግን የደብረ ኤልያሱን እስከ ቅዳሜ ገበያ ካላየሁ ወደ ደላላዬ እመለሳለሁ» ብሏታል። ከእሱ ሌላ ገዢ ገና አላገኘችም። እሱ ከሄደ አፑ አበቃለት፤ እሷም ወደ ድሮው ቢሮ ልትመለስ ነው። አለቃዋ «ወንበርሽ ይጠብቅሻል» ብሏታል። ክፉ አለቃ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ መመለሱን ያከብድባት ነበር።

የደብረ ኤልያሱን ጤፍ የሚያመጡት በገበያው ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት ናቸው። ስልካቸው መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ ሆዱ በመዝሙርና በስብከት የተነፋ ነው። መጀመሪያ የዘጋው እሳቸው ላይ ነው። ለልጅቷ ደወልሁላት።

«ዘጋ» አልኋት።

«እንዴት ሆኖ ዘጋ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ነበረ፤ ከዚያ የለም።»

«ጋሼ፣ ሲወድቅ የወደቀበትን ምክንያት ራሱ ጽፎ ይልክልኛል። እስቲ ዳታ ያብሩ።»

እዚህ አገር ዳታ አብርቶ የሚውል ነጋዴ የለም። እኛ ዳታን እንደ ክብሪት ነው የምንይዛት፤ ጭረን፣ ልከን፣ እፍ ነው። ስለዚህ አፑ የወደቀበትን ሁሉ እየጻፈ የሚልክበት መንገድ አጥቶ ስንት ጊዜ ዝም ብሎ እንደወደቀ እግዜር ይወቀው። የእትዬን ዳታ አበራሁላት። ወዲያው ደረሳት፤ «ፎቶውን ማስቀመጥ አልተቻለም» ይላል አሉ።

«በቃ፣ ስልኩ ሞልቷል» አለች። «እትዬ ትንሽ ነገር ያጥፉ።»

እትዬ ሲሰሙ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ስብከቱን ደምስሼ ጤፍ ላስቀምጥበት? ኧረ ተይኝ ልጄ!»

እሳቸው እምቢ ሲሉ እኔ በራሴ ስልክ ልሞክር ብዬ ያለኝን ሁሉ አጠፋሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ፣ ማን እንደላከልኝ የማላውቀው የበዓል አበባ፣ የጠፋብኝ በግ ፎቶ ሳይቀር ሄደ። ስልኬ እንደተጠረገ አውድማ ሆነ። የደብረ ኤልያሱን ጤፍ አነሣሁበት። ዘጋ። እንግዲህ የሞላውም ባዶውም እኩል ከዘጋ ጥፋቱ የሆድ አይደለም ማለት ነው።

ከአምበር የሚያመጣው ጎረቤቴ በዚህ ሁሉ ደስታው ወሰን አልነበረውም። የእሱ አንድም ቀን ዘግቶበት አያውቅም። «አፑ ሰው ያውቃል» ይላል ጢሙን እየዳበሰ። «እትዬ፣ አፈር የበዛበትን ጤፍ ስልክ እንኳ መሸከም አቃተው።»

«አንተ እስቲ የራስህን ፊት አንሣና ላክ» አሉት እትዬ፤ «ያን ጊዜ አፑ ብቻ አይደለም፣ የከተማው ኔትወርክ ነው የሚጠፋው።»

ልጅቷ በመጨረሻ «በቪዲዮ ደውዬ እያየሁ ይሥሩልኝ» አለችኝ። የእትዬን ስልክ ተቀበልኋቸውና የራሴን ስልክ ደግሞ ልጅ ትከሻ በሚደርስ ጆንያ ላይ አስደግፌ እንድታይ አደረግሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ፎቶ አነሣሁ፣ ቦታውን ጻፍሁ፣ ለሙከራ ለእሷ ብቻ ላክሁ። አለፈ።

«ይኸው አለፈ እኮ ጋሼ!»

አለፈ። ተሰነባበትን። ሁለተኛውን ጆንያ አነሣሁ። ዘጋ። እንደገና ደወልሁ፣ እንደገና እያየችኝ ሠራሁ፣ እንደገና አለፈ። ልጅቷ አስተዳደግ ስላላት ይዋሻሉ አላለችም። እኔ ግን ራሴን መጠርጠር ጀመርሁ።

«ጋሼ፣ ያላየሁትን ማስተካከል አልችልም» አለች፤ ድምፅዋ ደክሟል። «እኔ ጋ ያሉት ስልኮች ሁሉ ደህና ናቸው። እናንተ ጋ ያሉት ደግሞ ዓይነታቸው ሌላ፣ ዕድሜያቸው ሌላ፣ ውስጣቸው ያለው ሌላ፣ የምትጽፉበት ፊደል ገበታ እንኳ ሌላ ነው። ከየትኛው ልጀምር?»

ይኼ ገባኝ። መጋዘን ሙሉ ጆንያ አለ፤ አንዱ ነቀዝ ገብቶበታል፤ ፈልገህ አውጣ፣ መጋዘኑን ግን አልከፍትልህም እንደማለት ነው።

ዓርብ ማታ በአውቶቡስ መጣች። ቅዳሜ ጧት እህል ተራ ስትገባ «ኢንጂነሯ መጣች» ተባለ። ወንበር ተጠርጎ ቀረበላት። የአምበሩ ጎረቤቴ ኮቱን ደረበ። ሁሉም በየተራ እየመጣ ፊቷ ቆሞ፣ ለወረዳ ማመልከቻ እንደሚጽፍ ሰው ጣቱን እያረቀቀ ሠራ። ለሙከራ የተላከው አንድም ሳይዘጋ ሁሉም አለፈ፤ ለገዢው የሚታየው የዕለቱ ጤፍ ግን ገና መኪና ላይ ነው። ተቀምጣ ትስቃለች፤ ነገር ግን ሳቋ እየቀነሰ ሄደ። ገዢው አንዴ ደውሎ ነበር። «ዛሬ ያዩታል» ስትለው ሰማኋት፤ ይህን ስትል የጫማዋን ጫፍ ነበር የምታየው።

ረፋዱ ላይ መኪኖቹ ገቡና ገበያው ሞቀ። ያን ጊዜ ኢንጂነር የሚባል ነገር ተረሳ። ወንበሩን አንዱ ወስዶ ተቀመጠበት። እሷም ቆማ ከምትገፋ ብላ መሰለኝ የጆንያ አፍ መያዝ ጀመረች። ፀጉሯ አቧራ ለበሰ።

«ያዢው እንጂ አንቺ!» ይጮኹባታል እትዬ፤ «አፉን ዘርጊው! ጤፍ ነው፣ ሰርዶ አይደለም!»

«እሺ እትዬ።»

በዚህ መሐል እትዬ በአንድ እጃቸው ከሚዛን ሠራተኛው ጋር እየተጨቃጨቁ፣ በሌላው አውራ ጣታቸው ስልካቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ዘጋ።

«ይኸው! ይኸው እንደ ልማዱ ዘጋ!»

ልጅቷ ጆንያውን ለቀቀችው። ጤፉ እግራችን ሥር ተዘረገፈ፤ ማንም ግን አልተቆጣትም፤ ፊቷን ላየ ሰው የሚያስቆጣ አልነበረም። «እትዬ፣ በእግዜር፣ አሁን እንደሠሩት አድርገው ይሥሩልኝ። እንዳያሳምሩት!»

እትዬ ግር እያላቸው ደገሙት። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ የሚጽፉትን አየች። ደ/ኤልያስ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጽፉት?»

«ታዲያ እንዴት ይጻፍ? ጆንያው ላይም እንዲሁ ነው።»

እውነት ነው፤ የመኪናው ታፔላ፣ ጆንያው፣ ደረሰኙ ላይ ሁሉ ደብረን ሙሉ የሚጽፍ ሰው የለም። ደ ብለህ አንዲት ጋደል ያለች ጭረት ትጥልና ታልፋለህ። እኔም ለብቻዬ ስሆን እንዲያው ነው የምጽፈው። በቪዲዮ የእህቴ ልጅ ስታየኝ ጊዜ ግን «ደብረ ኤልያስ» ብዬ አንዲት ፊደል ሳላጎድል ነበር የጻፍሁት። በተማረ ሰው ፊት አሳጥሮ መጻፍ ሸሚዝ ሳይቆልፉ ቢሮ መግባት ነው የሚመስለኝ። እሷም አዲስ አበባ ተቀምጣ ስትሞክር ሙሉውን ነው የምትጽፈው፤ ጆንያ የያዘ እጅ የላትማ። ሁለታችንም በጨዋነታችን በሽታውን ስንደብቀው ከርመናል። አምበርና ዲማ ደግሞ ምናቸው ይቆረጣል? የደብረ ማርቆስ ጤፍ የሚባል እንደሆነ የለም፤ ከተማችን የሚያበቅለው ፎቅ ነው።

«ፎቶው የሚቀመጠው በቦታው ስም ነው» አለችን፤ የገበያው ግማሽ ከቧታል። «ይህች ጭረት ለስልክ ‹ወደ ውስጥ ግባ› ማለት ናት። ስልኩ ‹ደ› የምትባል ክፍል ውስጥ ግባና ‹ኤልያስ› ብለህ አስቀምጥ የተባለ ይመስለዋል። ‹ደ› የምትባል ክፍል ደግሞ የለችም።»

«እና ክፍሏን ሲያጣ?» አልኋት።

«ምን እንደሚያደርግ አልነገርሁትም ነበር። ስለዚህ ይወድቃል።»

«ምስኪን» አሉ እትዬ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፑ አዘኑለት።

ላፕቶፗን ጆንያ ላይ አድርጋ ማስተካከሉ አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አልፈጀባትም። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። የተስተካከለው አፕ አሁን ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። ገበያው ውስጥ አፑን ከኢንተርኔት ያወረደ ሰው እምብዛም የለም፤ ዳታ እንዳይበላ አንዱ ከሌላው ስልክ ነው የተቀባበለው። በሽታው በእጅ በእጅ ከተዛመተ መድኃኒቱም በእጅ በእጅ መሄድ አለበት። እየዞረች ለእያንዳንዱ ሰጠች፤ እኔም ተከትዬ «አሮጌውን አጥፋ» እያልሁ ሰበክሁ። የአምበሩ ጎረቤቴ «የእኔ ደህና ነው፣ አልነካም» ብሎ ተጋተረ። ተውነው።

እትዬ ስልክ ላይ ደግሞ «ቦታ የለም» አለ። ሁላችንም እሳቸውን አየን። አሰብ አደረጉ። ከዚያ አንድ ረጅም ቪዲዮ ከፍተው ለልጅቷ አሳዩዋት።

«ይኼን አጥፊው። የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔን አያሳይም።»

ተጫነ። እትዬ ጤፋቸውን ዘገኑ፣ አነሡ፣ እንደ ልማዳቸው በአውራ ጣት ደ/ኤልያስ ብለው ጻፉ። ፎቶው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጠራ፤ ከእኛ ፈንጠር ብላ አነሣችው። «አዎ… አዎ፣ የእሳቸው ነው… ሙሉውን?» ስትል ብቻ ሰማን። ስትመለስ እትዬን አቧራ በአቧራ እንደሆነች አቀፈቻቸው። ጭነቱ በዚያው ዕለት ወጣ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለችልኝ። «እንዴት ሆነች? ወደ ሥራዋ ትመለሳለች ወይስ አትመለስም?»

ቀና ብዬ አየሁ። ልጅቷ ከአንድ ሽምብራ ነጋዴ ጋር ቆማለች። ሰውየው ስልኩን እያወዛወዘ የእሱም እንደሚዘጋ፣ ያውም ጭረት የምትባል ነገር ጽፎ እንደማያውቅ ይምላል።

«ምን ሲያደርጉ ነው የሚዘጋብዎት አባባ?» ትለዋለች።

«ምንም ሳላደርግ!»

አንድ ጆንያ ጎተተችና አጠገቡ ተቀመጠች። «እሺ፣ እስቲ ምንም ሳያደርጉ ያሳዩኝ።»

«ሥራ ላይ ናት» አልኋት እህቴን።