አክስቴና የሦስት መቶ ዓመቱ ኦፔራ

ኢኮኖሚው ተንኮታኩቶ የምሠራበት መጋዘን ሰዓት ሲቀንስብኝ፣ ነርስ ልሁን ብዬ ፋርመርስ ብራንች የሚባል ከተማ አንድ ኮሌጅ ገባሁ። አሜሪካ ውስጥ መርፌ ለመውጋት ታዲያ በመጀመሪያ ባሮክ ስለሚባለው የድሮ አውሮፓ ኦፔራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሙዚቃ ክላስ ያልወሰደ አይመረቅም።

መምህሯ ታሪኩን የምትነግረን በስሜት ነበር። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ግድም ጣሊያን ውስጥ ሥራ የፈቱ መኳንንትና ምሁራን ተሰብስበው፣ የጥንት ግሪኮች ቲያትራቸውን የሚሠሩት እየዘፈኑ ነበር ብለው ደመደሙ። የሚያርማቸው የጥንት ግሪክ በሕይወት ስላልነበረ ኦፔራ ተወለደ። ቬኒስ ደግሞ ትኬት ለቆረጠ ሁሉ በሩን ከፈተችለት። ሮም ላይ ግን ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነው ተባለ፤ ነውሩን ለማስቀረት ወንድ ልጆችን ሰለቡ። ድምፃቸው ሳይጎረንን ስለሚቀር፣ ጀግናውንም ንጉሡንም እነሱ ሆነው ይዘፍኑ ጀመር። መስለብ በሕግ ክልክል ነበርና ወላጆች "ልጃችን ከፈረስ ወድቆ ነው" ይሉ ነበር። የጣሊያን ፈረስ የሚጥለው ድምፀ መልካሙን እየመረጠ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ግድም የሆነው አንድ ኦፔራ አይታችሁ ጻፉ ተባልን። ብቻዬን ከምሄድ ብዬ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ሆቴል የምትሠራውን፣ በቤተ ክርስቲያን ኳየር የምትዘምረውን አክስቴን ጠየቅኳት።

"ዓለማዊ ነው?" አለችኝ።

"ጣሊያንኛ ነው።"

"ኦኬ፣ ካልገባኝ ኃጢአት አይሆንም" ብላ መጣች።

አዳራሹ ገብተን መጋረጃው ተገለጠና፣ ጥሩር የለበሰው ጀግና አፉን ሲከፍት ቀጭን የሴት ድምፅ ወጣው።

"ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?" ብላ አንሾካሾከች። አክስቴ ስታንሾካሾክ ከፊታችን ያሉት ሦስት ረድፎች ይሰማሉ። ስለ ስልቦቹ ነገርኳት፤ ዛሬ ግን ድምፁ በልምምድ ብቻ እንደሚወጣ ጨመርኩላት።

"የሐዋርያት ሥራው ጃንደረባ ኢሳይያስን አነበበ እንጂ መች ዘፈነ?" አለችና ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ ትቆረጥም ጀመር። አስተናጋጁ መጥቶ ገሠጻት። የቬኒስ ሰዎች ኦፔራ ቤት ሲበሉ፣ ሲያወሩ፣ ካርታ ሲጫወቱ ነበር የሚያመሹት፤ በዚያ አዳራሽ ኦፔራን በወጉ የምታየው አክስቴ ብቻ ነበረች ማለት ነው። ሌላው ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ጀግናው ሞት ተፈርዶበት ቀስ ብሎ ሲያንጎራጉር ግን መቆርጠሟን አቆመች። ዞር ስል እንባዋ ይወርዳል። ወዲያው አንድ አምላክ በገመድ ተንጠልጥሎ ከደመና ወረደና ሁሉን ይቅር አለ፤ ሰርግ ሆነ።

"እንዴ! ይኼው ነው?"

"ድሮ እንዲህ ዓይነቱ የሚታየው በነገሥታት ሰርግና ልደት ነበር" አልኳት። "በልደቱ ቀን ንጉሥ ሲሞት ማየት የሚፈልግ ንጉሥ የለም።"

"ሶ እኔ ያለቀስኩት በከንቱ ነው?"

ቤቷ እስካደርሳት ድረስ አኮረፈችኝ።

ጽሑፌን ሰጥቼ ቢ አገኘሁ። በሳምንቱ አክስቴ ኮል አደረገች።

"ሌላ አለ ወይ?" አለችኝ። "የሚሞትበት ይሁን።"